ልጆችን ወደ ቦስተኑ ኦልድ ሳውዝ ሚቲንግ ሃውስ ስንወስድ፦ የክርክር ካርድ፣ የሻይ ሚዛን፣ ሰገነቱ

የቅዳሜ ፊደል (ክሩን የከፈተችው)
ሰላም ለሁላችሁ። የቅዳሜ አማርኛ ክፍል ልጆችን ቦስተን መሃል ከተማ ወዳለው ኦልድ ሳውዝ ሚቲንግ ሃውስ ለመውሰድ እየተዘጋጀን ነው። ልጆቹ 24 ናቸው፣ ከ7 እስከ 13 ዓመት፤ 10 ወላጆች አብረው ይመጣሉ። ዞር ዞር ብሎ አይቶ መመለስ ብቻ እንዳይሆን የእንግሊዝ መንግሥት በሻይ ላይ ስለጣለው ቀረጥ በዲሴምበር 1773 እዚያ ቤት የተደረገውን፣ ሻዩን ከመርከብ ወደ ባሕር በማፍሰስ (ቦስተን ቲ ፓርቲ በሚባለው) ያበቃውን ክርክር ልጆቹ ራሳቸው በአማርኛ እንዲያካሂዱት እንፈልጋለን። ካርዶቹ እንዴት ቢጻፉ ይሻላል? ስንት ሰዓት ይበቃል? ትንንሾቹ ምን ይሥሩ? «ሚቲንግ ሃውስ»ንስ በአማርኛ ምን እንበለው? እባካችሁ የምታውቁ እርዱን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ለካርዱ ይቀለኛል።

ዝክረ ታሪክ
እህቴ፣ ከስሙ ልጀምር፤ እሱ ከተበላሸ ሌላውም ይበላሻልና። «ቤተ ክርስቲያን» ብለሽ እንዳትተረጉሚው። የሠሩት ፒዩሪታኖች የተባሉ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን የሚሉት ምእመናኑን ነበር፤ ሕንፃው ለእነሱ የመሰብሰቢያ ቤት ብቻ ነው። ታቦት የለው፣ ሥዕል የለው፣ ቅድስት የለው። እሑድ ይሰበክበታል፤ የከተማው አዳራሽ ፋኒል ሆል ሲጠብ ደግሞ ሕዝቡ ይመክርበታል። የኛ ልጆች ግን «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ቀረጥ ጮኹ» ከተባሉ ነገሩ ድፍረት ይመስላቸዋል።

«ጉባኤ ቤት» ለጆሮ ያምራል፣ ግን እኛ ዘንድ ጉባኤ ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሰማበት ትምህርት ቤት ነው። እኔ «የሸንጎ ቤት» እላለሁ።

አሁን ያለው የጡብ ሕንፃ የተሠራው በ1729 ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እዚያ ተጠመቀ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የተጠመቀው በ1706 ስለሆነ እዚያው ቦታ ላይ በነበረው በቀድሞው የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ካርድ ላይ ብትጽፉት ይህን አትሳቱ።

የማልደን ሰው
«ሸንጎ» ላይ ትንሽ ቅር ይለኛል። ሸንጎ ዳኝነት አለበት፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ፈራጅ። በ1773ቱ ስብሰባ ግን ፈራጅ የለም፣ ሰብሳቢ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ በከተማ ስብሰባ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው ሰው ሁሉ ገብቷል። ይህን ስብሰባ ልዩ ያደረገው ይኸው ነው። «የምክክር ቤት» ብትሉት ይቀርበዋል።

ዝክረ ታሪክ
ልክ ነህ ወንድሜ። ቢሆንም «የምክክር ቤት» ሲባል የዘመኑ ምክር ቤት ይመጣባቸዋል። «ሸንጎ» ይባል፣ ሰብሳቢው ፈራጅ አለመሆኑ ደግሞ በመጀመሪያው ካርድ ላይ ይጻፍ።

የካምብሪጅ እናት
ወደ ሥራው ልግባ። የክርክሩ ነፍስ ያለው በቋጠሮው ላይ ነው። ልጆቹ ቋጠሮውን ሳይረዱ ካርድ ብቻ ካነበቡ «ሻይ አንፈልግም!» ብለው ይጮኹና በ5 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ክፍል ውስጥ 45 ደቂቃ ስጡትና ይህን አስረዱ፦

ሻይ የጫነችው ዳርትመዝ የተባለች መርከብ ኖቬምበር 28 ቦስተን ደረሰች። በሕጉ መሠረት ቀረጡ በ20 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ጉምሩክ ጭነቱን ይወርሳል። 20ው ቀን የሚያልቀው ዲሴምበር 17 ነው። ሕዝቡ ሻዩ ይመለስ ይላል። መርከቧ ሻዩን እንደጫነች እንድትመለስ ጉምሩክ አይፈቅድም። ያለ ፈቃድ ብትወጣ የወደቡ ምሽግ መድፍ አለ። የይለፍ ወረቀት ሊሰጥ የሚችለው ገዢው ቶማስ ሃቺንሰን ነው፤ እሱም እንቢ አለ። ይህ ሰሌዳ ላይ በክርና በወረቀት ሲሠራ ያምራል፦ አራት በር ሣሉ፣ አንድ በአንድ ዝጉ። አራተኛው ሲዘጋ ልጆቹ ራሳቸው «ታዲያ ምን ይሻላል?» ይላሉ። ክርክሩ መጀመር ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ካርዱ 24 ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። 1 ሰብሳቢ፣ 1 የመርከቧ ባለቤት፣ 9 ሻዩ አይውረድ የሚሉ፣ 8 ሕግ ይከበር የሚሉ፣ 5 ያልወሰኑ። ያልወሰኑትን አትቀንሱ። ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት እነሱን ለማሳመን ነው፤ እነሱ ከሌሉ ክርክሩ ስድብ ይሆናል።

ካርዱ ላይ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥ፣ ዓረፍተ ነገሩም ከ12 ቃል አይበልጥ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ቢያንስ 20 ነጥብ፤ አዳራሹ ውስጥ ደመናማ ቀን ብርሃኑ ደከም ይላል። በጀርባው እንግሊዝኛውን ጻፉ፤ ልጁ ትርጉሙ ሲጠፋበት ገልብጦ አይቶ ይመለሳል። የተለመደው ስህተት የጋዜጣ አማርኛ መጻፍ ነው። «የቀረጥ አዋጁን ተፈጻሚነት እንቃወማለን» ብለሽ ከሰጠሽው የ8 ዓመት ልጅ «ተፈጻሚነት» ላይ ተሰናክሎ ይቀራል። «ሳንጠየቅ የተጣለ ቀረጥ አንከፍልም» በይው፣ ያነበዋል። አንብቦም ቀና ይላል።

ደግሞ ልጁ ቤቱ የሚሰማውን ሐሳብ የያዘውን ካርድ አትስጡት፣ ተቃራኒውን ስጡት። የማያምንበትን በደንብ ተናግሮ ሲጨርስ የሌላውን ወገን ክርክር ከውስጥ ያውቀዋል።

ዝክረ ታሪክ
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለታሪኩ ታማኝ ለመሆን። ያ ስብሰባ ግማሽ በግማሽ የተከፋፈለ አልነበረም። ሻዩ እንዲሸጥላቸው የተላከላቸው ነጋዴዎች ወደ ምሽጉ ሸሽተው ነበር፣ ከእነሱም መካከል ሁለቱ የገዢው ልጆች ናቸው። ስለዚህ «ሕግ ይከበር» የሚሉት 8 ካርዶች ለትምህርት ሲባል የተጨመሩ መሆናቸውን መጨረሻ ላይ ለልጆቹ ንገሯቸው።

እውነተኛ የማስታረቅ ድምፅ ከፈለጋችሁ ግን አለ። ሠዓሊው ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ የአንዱ ነጋዴ አማች ነበር፤ ኖቬምበር 30 እዚያው ቤት መጥቶ ሁለቱን ወገን ለማግባባት ሞክሯል። ካርድ ይገባዋል። ጆሳያ ክዊንሲ የተባለው ጠበቃ ደግሞ ከሕዝቡ ወገን ሆኖ ሳለ ከመጮህ በፊት መዘዙን አስቡ ብሏል። እነዚህ ሁለቱ ከ«ወዳጅና ጠላት» ያወጧችኋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ካርድ ግን የፍራንሲስ ሮች ነው። ዳርትመዝ የቤተሰቡ ናት፤ እሱ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ዲሴምበር 16 ሕዝቡ «ሂድና ገዢውን ይለፍ ጠይቅ» ብሎ ሚልተን ድረስ ላከው። ጨልሞ፣ አዳራሹ በሻማ ሲበራ ተመልሶ «አልፈቀደም» አለ። መርከቤን አስወጣለሁ እንዳይል መድፍ፣ ሻዩን አወርዳለሁ እንዳይል ሕዝብ። ይህን ካርድ ለትልቅ ልጅ ስጡት፣ ክርክሩ ሲጋጋል ከበሩ በኩል እንዲገባ አድርጉት። በሩ ሲከፈት ሁሉም ይዞራል።

ከሕዝቡ መሪዎች አንዱ የነበረው ሳሙኤል አዳምስ ቀጥሎ ተነሥቶ ይህ ስብሰባ አገሪቱን ለማዳን ከእንግዲህ ምንም ሊያደርግ አይችልም አለ። ያ ንግግር ሻዩን ሄዳችሁ አፍስሱ ለማለት አስቀድሞ የተመከረበት ምልክት ነበር የሚለው በየመጽሐፉ አለ። የዓይን ምስክሮቹን ስታነቡ ግን በንግግሩና ሕዝቡ እየጮኸ ወደ መርከቦቹ በሄደበት መካከል ደቂቃዎች አልፈዋል። «ምልክት ነበር» ብላችሁ በእርግጠኝነት አታስተምሩ።

የቅዳሜ ፊደል
እግዚአብሔር ይስጥልን። ተሰብሳቢው ሲስማማና ሲቃወም ምን ይበል? ቤቱ ራሱ በእንግሊዝኛ በሚያዘጋጀው ክርክር ላይ ልጆቹ እንዲጮኹ ይፈቀድላቸዋል።

የካምብሪጅ እናት
ለስምምነት «ይበል!»፣ ለተቃውሞ «አይሆንም!»። ሌላ ቃል አትጨምሩ፤ ሦስተኛ ከመጣ ልጆቹ የራሳቸውን ያመጣሉ። ከክርክሩ በፊት ሁለቴ አለማምዷቸው። ሰብሳቢው እጁን ሲያነሣ ዝም ማለትንም ጭምር።

አዳራሹ ሰፊ፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ ስለሆነ የልጅ ድምፅ ይበተናል። ተናጋሪው ከመስበኪያው ሰገነት ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ይቁም፣ ፊቱን ወደ ላይኛው ሰገነት ያቅና፤ ካርዱን ከደረቱ በታች ይያዝ። ካርዱ አፉ ላይ ከሆነ ሁለተኛው ረድፍ እንኳ አይሰማውም። የቡድን ጉብኝት አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ስትመዘገቡ የራሳችሁን ክርክር በአማርኛ እንደምታካሂዱ ንገሯቸው፣ አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት የሚያዝበት ቀን አለና።

የማልደን ሰው
ስለ መቀመጫዎቹ። እንደ ሳጥን የታጠሩ፣ የየራሳቸው በር ያላቸው ናቸው። ልጆች ሲያዩዋቸው በሩን ከፍተው መዝጋት ነው የሚጀምሩት፤ ጣት ይቆነጥጣል፣ ድምፁም አዳራሹን ይሞላዋል። ለአንድ ሳጥን አንድ ትልቅ ልጅ «የበር ኃላፊ» ይሁን፤ ከእሱ በቀር በሩን ማንም አይነካ። አንዱ ሳጥን ውስጥ 5 ልጅ በምቾት ይቀመጣል። ለምን ታጠሩ ብለው ይጠይቃሉ፦ ቤቱ ማሞቂያ አልነበረውም፤ ግድግዳው ነፋስ ይከለክላል፣ ቤተሰቡ ፍም ያለበት የእግር ማሞቂያ ሣጥን ይዞ ይመጣል። ቦታውም የቤተሰብ ንብረት ነበር።

ግን «እነ ሳሙኤል አዳምስ የተቀመጡት እዚህ ላይ ነው» አትበሉ። መቀመጫዎቹ የያኔው አይደሉም። በ1775 የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ቤቱን የፈረስ መግሪያ አደረገው፤ መቀመጫዎቹን ነቅሎ አነደዳቸው፣ ወለሉን አፈር አለበሰው፣ ፈረስ የሚዘልበት አግዳሚ ተከለ። ምእመናኑ አድሰው የተመለሱት በ1783 ነው። ይህ ለትንንሾቹ ጥሩ ሥራ ነው፦ ወለሉ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ አፈር፣ ፈረስ፣ ጭስ እያላችሁ ንገሯቸው፣ ከዚያ ይክፈቱ።

ቁጥር ወዳድ
ትልልቆቹን በሒሳብ ያዟቸው። ስለፈሰሰው ሻይ የቆየው ቁጥር 342 ሣጥን ነው፤ በሦስቱ መርከቦች ተከፋፍሎ ሲቆጠር ግን ዳርትመዝ 114፣ ኤሌኖር 114፣ ቢቨር 112፣ ድምሩ 340 ይመጣል። ክብደቱ ከ92,000 ፓውንድ በላይ ነው። በኪሎ ወደ 41,700፣ ማለት 417 ኩንታል። ልጆቹ ኩንታል ምን እንደሆነ አያት ወይም አባት ያስረዳቸው፤ 100 ኪሎ የሚለው ቃል ብቻውን አይያዝም፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው ጆንያ ግን ይያዛል። አንዱ ሣጥን በአማካይ 123 ኪሎ ይሆናል፤ ጥቁሩ ቦሂ የሚባለው ሻይ ሣጥን ከዚህ ይከብዳል፣ የአረንጓዴው በጣም ይቀላል።

ቀጥሎ ቀረጡ። ለ1 ፓውንድ ክብደት 3 ፔኒ። 92,000 ሲባዛ በ3፣ 276,000 ፔኒ። በዚያ ዘመን 240 ፔኒ 1 ፓውንድ ስተርሊንግ ነው፤ ስለዚህ 1,150 ፓውንድ። የጠፋው ሻይ ዋጋ ደግሞ 9,659 ፓውንድ ተብሎ ተጠይቋል። «ከቀረጡ ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ንብረት ለምን ይጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ጠቡ ስለ ብሩ ሳይሆን ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የማን ነው በሚለው ላይ እንደነበር ራሳቸው ይደርሱበታል።

የማሽተት ጨዋታም አለ፣ ግን ክፍል ውስጥ እንጂ እዚያ አይሆንም፤ ታሪካዊ ቤት ውስጥ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ይዞ መግባት ተገቢ አይደለም። 4 የመስተዋት ዕቃ፣ በያንዳንዱ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅጠል፣ አፉ በሻሽ ተሸፍኖ በላስቲክ ይታሰር። አንዱ ተራ ጥቁር፣ አንዱ ጭስ ጭስ የሚለው ሱሾንግ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የእኛው የውሽውሽ። የከረጢት ሻይ ቀዳችሁ አትጠቀሙ፤ ዱቄት ስለሆነ አፍንጫ ገብቶ ያስነጥሳል፣ ሽታውም ደካማ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓይነቶች ነበር ያፈሰሱት፣ ሁሉም የቻይና ሻይ ናቸው። የሻዩ ባለቤት የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ስለሚባል ሻዩ የህንድ ይመስላቸዋል፤ ይህን አርሙላቸው።

ባሕረ ሐሳብ
ካርዱ ላይ የእኛንም ቀን ብትጽፉ። ግን ተጠንቀቁ፦ ዛሬ ዲሴምበር 16 ታኅሣሥ 7 ላይ ስለሚውል ብዙ ሰው ዝም ብሎ «ታኅሣሥ 7 ቀን 1766 ዓ.ም» ይላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎርጎርዮስና በዩልዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 11 ቀን ነበር፣ ዛሬ 13 ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1766 የዋለው ሴፕቴምበር 9 ነው። ከዚያ ስትቆጥሩ ዲሴምበር 16 ቀን 1773 ታኅሣሥ 9 ቀን 1766 ዓ.ም ይሆናል። ያኔ ጎንደር ላይ ነጋሢው ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፣ ዘመነ መሳፍንት በጠባበት ጊዜ። ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት ክር ጎን ለጎን ሰቅላችሁ፣ አንዱ ቦስተን አንዱ ጎንደር፣ ልጆቹ ቀኑን በልብስ መቆንጠጫ ይያዙበት።

የካምብሪጅ እናት
ፊሊስ ዊትሊን ማንም አላነሣም። ያለ እሷ ይህ ጉብኝት ጎዶሎ ነው።

በ1761 ከምዕራብ አፍሪካ ተወስዳ ቦስተን ላይ የተሸጠች ሕፃን ናት፤ የወተት ጥርሷ ገና እየወለቀ ነበርና 7 ዓመት ገደማ ትሆናለች ተብሎ ተገመተ። የእናንተ ትንሹ ልጅ ዕድሜ ነው። በ1771 የዚሁ ቤት ምእመን ሆነች። የግጥም መጽሐፏ በ1773 ለንደን ታተመ። ቅጂዎቹን ወደ ቦስተን ያመጣቻቸው መርከብ ደግሞ ዳርትመዝ ናት፤ ሻዩን የጫነችው ያችው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢያውቁ ሁለቱ ታሪክ ይገናኝላቸዋል፦ ታችኛው ወለል ላይ ሰው «ነፃነት» እያለ ይጮኻል፤ በዚያው ቤት ባሪያዎች የሚቀመጡት ላይ ሰገነት ላይ ነው። ልጆቹን ወደ ላይ የምታወጧቸው ከሆነ ከክርክሩ በኋላ አውጧቸው፤ ራሳቸው የቆሙበትን ቦታ ከላይ ይዩት።

አንድ ጥንቃቄ። ግጥሟ ውስጥ ራሷን «ኢትዮጵያዊት» ብላለች። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን የለውም፣ ወላጁም «የኛ ናት» ይላል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ ያ ቃል ጥቁር ሕዝብን ሁሉ የሚያጠቃልል፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ አጠራር ነው። ቃሉን ለክብር መምረጧን ንገሯቸው፤ የተወለደችው ግን ምዕራብ አፍሪካ መሆኑንም አብራችሁ ንገሯቸው።

የማልደን ሰው
ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጊዜ ካላችሁ ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል በእግር ቢከን ሂል ላይ አፍሪካን ሚቲንግ ሃውስ አለ፤ 1806 ጥቁር ቦስተናውያን ያሠሩት። የኒው ኢንግላንድ የፀረ ባርነት ማኅበር ጃንዋሪ 6 ቀን 1832 የተመሠረተው እዚያ ነው። 24 ልጅ ይዞ ሁለቱን በአንድ ቀን መያዝ ግን ይከብዳል፤ መንገዱ ዳገት ነው፣ ትንንሾቹ ይደክማሉ። ለብቻው ቅዳሜ ስጡት።

ዝክረ ታሪክ
ሁለት ማሳሰቢያ። ያፈሰሱት ሰዎች ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ሞሆክ የተባሉትን የአገሩን ነባር ሕዝብ መስለው ነበር። ለልጆቹ ይነገራቸው፣ ግን ላባ አታልብሷቸው፤ የነባሩ ሕዝብ ልብስ መጫወቻ አይደለም፣ ሸንጎውም ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለተኛ፣ «ቦስተን ቲ ፓርቲ» ሲባል ትንንሾቹ የልደት በዓል ይመስላቸዋል። ስሙ የመጣው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ በጊዜው «የሻዩ መጥፋት» ነበር የሚሉት። «የሻይ አመፅ» ብትሉ ይበቃል።

የቅዳሜ ፊደል
ቲኬቱ ላይ ግራ ገብቶናል። መርከብ ያለበት ሙዚየም ሌላ ነው?

የማልደን ሰው
ሌላ ነው። መርከቦቹ ያሉበት በኮንግረስ ጎዳና ድልድይ ላይ ያለው ራሱን የቻለ ተቋም ነው፤ ቲኬቱም ለብቻ። ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ኦልድ ሳውዝ በር ላይ ይቆማል። የኦልድ ሳውዝ ቲኬት ግን ከ2020 ጀምሮ በአንድ ድርጅት ሥር ስለሆኑ ኦልድ ስቴት ሃውስንም ያካትታል፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ባቡር ስቴት ጣቢያ ወይም ዳውንታውን ክሮሲንግ ውረዱ፤ አድራሻው ዋሽንግተን ጎዳና 310። ዋጋና ሰዓት ይለዋወጣል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ተመልከቱ።

ከመግባታችሁ በፊት ማዶ ቆማችሁ ግንቡ ላይ ያለውን ሰዓት አሳዩአቸው። ጋወን ብራውን የሠራው፣ በ1770 የተሰቀለ ነው። ልጆቹ «ሦስት ሰዓት» ካሉ በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለአማርኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ የሰዓት ትምህርት የለም።

ቁጥር ወዳድ
ለመውጫ ደግሞ የ1876ቱን ታሪክ ስጧቸው። ምእመናኑ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደው ቤቱ ለፍርስራሽ በ1,350 ዶላር ተሸጠ። አፍራሾች ሥራ ከጀመሩ በኋላ አንድ የልብስ መደብር የ7 ቀን ፋታ ገዛ፤ ሴቶች ተነሡ፣ ሜሪ ሄመንዌይ ብቻዋን 100,000 ዶላር ሰጠች። ቦታውን ለማዳን የተጠየቀው 400,000 ነበር። ሕንፃው 1,350፣ መሬቱ 400,000፤ ለምን ብላችሁ ጠይቁና ዙሪያውን ያለውን ፎቅ አሳዩአቸው።

የካምብሪጅ እናት
ሰዓቱን በዚህ ያዙት፦ ሰዓቱንና በሩን ውጪ ማየት 10 ደቂቃ፣ አዳራሹን መዞር 20፣ ክርክሩ 35፣ ድምፅ መስጠት 10፣ ሰገነቱና ፊሊስ 15። 90 ደቂቃ። ከዚያ በላይ የ7 ዓመት ልጅ አይቀመጥም። ድምፅ ሲሰጡ ካርዳቸውን መልሰው፣ በራሳቸው ስም ይስጡ፤ ሻዩ ይውረድ የሚል በግራ መተላለፊያ፣ ይመለስ የሚል በቀኝ፣ ሌላ ሐሳብ ያለው መሃል። መሃል የቆመውን መጀመሪያ ጠይቁት። መምህሩ ውጤቱን ከተናገረ በኋላ «ልክ የነበረው ይህ ነው» አይበል።

የቅዳሜ ፊደል
ካርዶቹን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፤ የሮችንና የኮፕሊን ለትልልቆቹ። ረቂቁን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ «ተፈጻሚነት» የሚመስል ቃል ያያችሁ ቁረጡልኝ።